ታጥፏል የተባለው የበር ሥራ

ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

የምናገረው እኔ ኢተፋ ነኝ። የምትጽፈው ተከራዬ ሚርያም ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ማፈር ያለበት ፊደል ቆጥሮ የሚዋሽ ነው።

ለምን እንደማስጽፍ ልናገር። ሰበታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ አቅም ለሌለው በነጻ የምትሟገት ደራርቱ የምትባል ጠበቃ አለች። ዛሬ ጧት ሄጄ ነገሬን ነገርኳት። «ኦቦ ኢተፋ፣ የሆነውን ሁሉ ከነቀኑ ያስጽፉ። ዳኛው ሲጠይቅዎ ‹ያን ሰሞን፣ በእህል መውቂያው› እያሉ እንዳይመልሱ» አለችኝ። በእህል መውቂያው ብል ምን ነውር አለው? መውቂያው ነበራ።

ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ የሚጽፍ ሰው ሚርያም ብቻ ናት። ኦሮምኛ ስለማትችል በአማርኛ ነው። ያልኩትን እንዳለ ጻፊው፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

ነገሩ ይህ ነው። ጀሪካን ፋብሪካው የቆመበት መሬት የኔ የጤፍ ማሳ ነበር። ለልማት ብለው ሲወስዱት፣ ከቤቴ ለሚመጣ ሰው ሥራ እንሰጣለን ብለው በሽማግሌ ፊት ቃል ገቡ። ልጆቼ አንፈልግም አሉ። እኔ ገባሁ፤ በር ላይ ቆምኩ። ሰው «ኢተፋ ዘበኛ ሆነ» አለ። ይበል። የፋብሪካውን ኮፍያ አደረግሁ እንጂ የቆምኩት ማሳዬ ላይ ነው።

ባለፈው ሰሞን ልጆቹ ተነሡ። አዲስ አበባን ወደኛ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ይቁም፣ መሬታችን አይወሰድ እያሉ። መንገዱ ላይ ጎማ አቃጠሉና ወደ ፋብሪካው ዞሩ። ድንጋይ ይዘዋል። ውስጥ ያሉት ሴቶች ሲያለቅሱ በሩ ድረስ ይሰማል። ኃላፊዎቹ ቢሮ ገብተው ቆልፈዋል። እኔ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሳር ነጨሁ፤ ዱላዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ ሳሩን ከፍ አድርጌ ፊታቸው ሄጄ ቆምኩ። በኛ ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከለመነ ረግጦት የሚያልፍ የለም። ልጆቹ «አባ፣ ከመንገድ ዞር በሉ» አሉ። አልዞርም አልኩ። አንዱ ድንጋዩን ጣለ። ሌላውም ጣለ። እጃቸውን አንሥተው አክብረውኝ ሄዱ። አንድ መስታወት አልተሰበረም።

ምስጋና ስጠብቅ ደብዳቤ ሰጡኝ። የሥራ መደቡ ስለታጠፈ ተሰናብተሃል ይላል። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የዚህ አገር ተወላጅ የሆንን የበር ጥበቃዎች በሙሉ። የሠራተኛ አስተዳደሩ አቶ የሺጥላ ቢሮው ጠርቶ የካሜራውን ምስል አሳየኝ። ድምፅ የለውም። እኔ እጄን አነሣለሁ፣ ሕዝቡ እጁን ያነሣል። «ይኸው አባባ፣ ምልክት ሲሰጧቸው» አለኝ።

«ሳር ነው» አልኩት።

«የምን ሳር?»

ሲያስወጣኝ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጀሪካን የሚጭኑት ሠራተኞች እየሰሙ፣ «ከእንግዲህ የዚህን አካባቢ ሰው በር ላይ አላቆምም፤ ሲመሽ ለወገኑ ነው የሚከፍተው» አለ። እኔ ጆሮዬ ደህና ነው።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ወደ በር ሥራዬ መመለስ። የተባረርኩት ስለታጠፈ ሳይሆን እዚህ ስለተወለድኩ መሆኑን ዳኛ በአፉ እንዲናገረው።

ታኅሣሥ 15

በመንገዱ ሳልፍ ታጥፏል የተባለው በር ላይ ሰው ቆሟል። ኮፍያ አድርጎ፣ ዱላ ይዞ።

አጵሎስ ነው።

ሚርያም እጇ ቆመ። ጻፊ አልኳት። ባልሽ ነው ብዬ አልተወውም። አጵሎስ ከሆሳዕና መጥቶ ግቢዬ ውስጥ የተከራየ፣ ትናንት ጀሪካን ጫኝ የነበረ ሰው፣ ዛሬ በኔ ቦታ ቆሟል። ሲያየኝ ኮፍያውን አወለቀ። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ» አለ። አልመለስኩለትም።

ታኅሣሥ 17

ባለቤቴ ደጊቱ ትነዘንዘኛለች። «ለባልየው ሰላምታ ነፍገህ ሚስቲቱን ጸሐፊ ታደርጋለህ?»

«እሱ ሌላ፣ እሷ ሌላ» አልኳት።

«አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት» አለችኝ።

ሚርያም ይህንን ስትጽፍ ሳቀች መሰለኝ። ቀና ስል ጎንበስ አለች።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

አለም ገና ታክሲ ተራ። ሁለት ወጣቶች ከኋላዬ።

«ፋብሪካውን ያተረፈው እኚህ ሽማግሌ ናቸው።»

«እና ምን ከፈሏቸው?»

«ጡረታ አወጧቸው!» ሳቁ። አንዱ ደግሞ፣ «ፋዘር፣ በሚቀጥለው ዝም ብለው ይቁሙ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አለኝ።

ፋዘር ይለኛል። አባቱን አውቀዋለሁ፤ እርሻ እንጋራ ነበር።

ሳሩን ባልነጭ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ዋልኩ። ቆሞ ያየው ባልደረባዬ ሀሰኖ ዛሬም የጥበቃ ተረኛ አለቃ ነው። ከስልጤ ስለመጣ እሱን አልነኩትም። ያ ሁሉ ሲሆን ሽንት ቤት ነበርኩ ይላል።

ታኅሣሥ 22

ክሱ ገባ። ደራርቱ በኦሮምኛ ጽፋ አነበበችልኝ። «በተወለደበት አካባቢና በብሔሩ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞበት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ደስ ይላል። የኔ ነገር በወረቀት ላይ ቆሞ ሲነበብ ቁመቱ ይበልጣል።

«ምስክር?» አለችኝ።

«መንደሩ ሁሉ ያውቃል።»

«መንደሩን መጥሪያ አልልክለትም። አቶ የሺጥላ ያንን ሲናገር ማን ሰማ? ቦታው አለመታጠፉን ከውስጥ ማን ይናገራል?»

«ሀሰኖ» አልኳት። «ሌላስ?» ስትለኝ ዱላዬን አንሥቼ ተነሣሁ።

ሌላ አለ። በዚያ ቀን ጀሪካን ተሸክሞ ከአጠገቤ የቆመው ሰው፣ ዛሬ በሩ ላይ ኮፍያዬን አድርጎ የቆመው ነው። ግን ግቢዬ የሚያድር ሰው ነው። ከበረቴ አውጥቼ ለጅብ አልሰጥም። ተጣልቼዋለሁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ታኅሣሥ 24

ሀሰኖ ቤት ሄድኩ። ምሳ አቀረበልኝ፣ ጥሩ አድርጎ አስተናገደኝ፣ ከዚያ «ኢተፋ ወንድሜ፣ እኔ ዓይኔም ጆሮዬም እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚኖረው። ይዤው ስወጣ በሩ ላይ ይቀበሉኛል» አለኝ።

እንግዲህ ምን ይባላል። ምሳውን በልቼ መጣሁ።

ታኅሣሥ 28፣ ገና

አጵሎስና ሚርያም ቅርጫ ገብተው ኖሮ ሥጋ ላኩልን። መልሺው አልኩ። ደጊቱ መለስኩ አለችኝ። ምሳ ላይ የበላሁት የዚያ ሥጋ መሆኑን የሰማሁት ከበላሁ በኋላ ነው። ይህንን በደንብ ጻፊ፤ ሳላውቅ ነው የበላሁት።

ጥሩ ሥጋ ነበር።

ጥር 6

በሬዲዮ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ! ደጊቱ እልል አለች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እኔም ኮቴን አስቦረሽኩና ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ጠቡ በፕላኑ ነበር፤ ፕላኑ ከቀረ ጠቡ ቀረ፤ ጠቡ ከቀረ እኔ ተመለስኩ። እንደዚህ ነው ያሰብኩት። የማይረባ ሐሳብ ነው?

አጵሎስ በሩ ላይ ነበር። «አባባ፣ እንዳላስገባዎ ታዝዣለሁ» አለኝ። ማሳዬ ላይ አቆመኝ!  ከዚያ የጥበቃ ቤቱን ወንበር አውጥቶ ጥላ ሥር አደረገልኝ። አልቀመጥም አልኩ። እሱም ቆመ። ኋላ ሲደክመኝ ተቀመጥኩ፤ እሱ ግን ፀሐዩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

አቶ የሺጥላ በመኪና ሲወጣ መስታወቱን ዝቅ አደረገ። «አባባ፣ የቀረው ፕላኑ ነው፤ ደብዳቤው አልቀረም» አለኝና ሄደ።

ከመሄዱ በፊት አጵሎስን ገሠጸው። ወንበር የምታወጣው ለማን ነው ብሎ።

ጥር 14

ጧት በማለዳ ሽማግሌዎች መጡ። ከአጥሬ ውጭ ቆሙ፤ ግቡ እስክል አልገቡም። መሪያቸው ኦቦ አደም ነው፤ ስንት ደም ያስታረቀ ሰው ነው፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ብዙ ሰው አስታርቄያለሁ። ደጊቱ ምንጣፍ አነጠፈች።

«ኢተፋ» አለ አደም፣ «ያ የሺጥላ የሚባለው መጥቶ ከእግራችን ወደቀ። ተሳስቻለሁ፣ አስታርቁኝ አለ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ነገሩን በዳኛ አይጨርስም። ለኛ ስጠን።»

እኛ ጃርሱማ የምንለው ሽምግልና ይህ ነው። ለሽማግሌ እምቢ አይባልም። እኔ ራሴ እምቢ ያሉኝን ሰዎች ቤት ረግሜ ወጥቻለሁ። ሰጠኋችሁ አልኩ።

ከእግራችን ወደቀ ማለቱ ደስ ብሎኛል። አልዋሽም።

ጥር 19

የእድሩ ቤት ተቀመጥን። የሺጥላ መጣ። በጣም ትሑት ሆኖ ነው የመጣው፤ ጫማውን ሊያወልቅ ምንም አልቀረው። ሳሩን አስረዳሁት፣ አደምም አስረዳው፤ «አቤት፣ አቤት፣ አላወቅሁም ነበር» ይላል። ስለ መመለሴ የፋብሪካውን ባለቤት ጠይቄ ልምጣ አለ። ጥር 27 እንገናኝ አለ። ቀኑን የቆረጠው እሱ ነው።

ጥር 25

ደራርቱ ደወለች። «ኦቦ ኢተፋ፣ ዓርብ ችሎቱን እንዳይረሱ፣ ጥር 27፣ ከሦስት ሰዓት በፊት።»

እሺ አልኳትና ዘጋሁ። ሚርያም ሰምታ ኖሮ፣ «አባባ፣ በዚያው ቀን የእድሩ ቤት ቀጠሮ አለብዎ። ደውዬ ልንገራት?» አለችኝ።

አትደውዪ አልኳት። ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ ዳኛ ፊት መቆም ሽማግሌውን መስደብ ነው። ነገሩ በሽማግሌ እጅ ከገባ ፍርድ ቤቱ መጠበቅ አለበት። ዳኛው የዚህ አገር ልጅ አይደለም እንዴ? ያውቃል። የሚያውቀውን ሰው ምን ብዬ ልንገረው?

ሚርያም «እሺ» አለች። እንደዚያ ያለ እሺ አልወድም።

ጥር 27

የእድሩ ቤት። ሽማግሌዎቹ መጡ። የሺጥላ አልመጣም። ጠበቅን። ፀሐይ ዞረች። አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አለ አደም። ይሆናል አልኩ።

የካቲት 1

ደራርቱ መጣች። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ከአለም ገና በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። የምትኖረው ቡራዩ ነው፤ ስንት ቦታ ተፈትሻ እንደመጣች እግዜር ይወቅ። ውኃም አልጠጣም አለች።

«ዓርብ የት ነበሩ?»

«ሽማግሌ ፊት።»

«አቶ የሺጥላስ?»

«አልመጣም።»

«እንዴት ይመጣል? ፍርድ ቤት ነበራ! ከጠበቃው ጋር፣ ክራቫት አስሮ። ስደውልልዎ ስልክዎ ዝግ ነው። ከሳሽ አልቀረበም፣ መዝገቡ ይዘጋልን አሉ። ተዘጋ።»

በሽማግሌ ፊት ስልክ ይዘጋል። ይህንንም ልነግራት ብዬ ተውኩት።

ደጊቱ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ሚርያም ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዘች ቆመች። ደራርቱ ቀጠለች። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ እየሄደ ነው፤ መዝገቡ እንዲከፈት ቶሎ ካላመለከትን በሩ ተረሳ። «በአንድ ቀን ሁለት ቀጠሮ ሲሰጥዎ ምንም አልጠረጠሩም?»

እኔ አላጠፋሁም። እንደዚህ ጻፊው፤ ኢተፋ አላጠፋም። ሽማግሌ አክብሮ የሚቀመጥ ሰው ጥፋቱ ምንድን ነው? በሽማግሌ እንደ ድንኳን ተከልሎ ከኋላ የሚዞር ሰው ነው ያጠፋው። ይህንን ያልኩት ሦስት ጊዜ ነው፤ ደጊቱ ቆጥራብኛለች። «አላጠፋህም» አለችኝ በሦስተኛው፣ «ተታለልክ እንጂ።» ይኼኛው ይብሳል። አጥፍተሃል ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚርያም ደውዬ ልንገራት ብላኝ ነበር። አስታውሳለሁ። እሷ ስላላነሣችው እኔም አላነሣሁትም።

የካቲት 3

አደም ቤት ሄድኩ። ነገርኩት። ነጠላውን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ፣ «በኔ ነጠላ ተሸፍኖ ነው ያለፈው» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲዋሽ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ። ያንን አላወቅሁትም።»

«እኔም አላወቅሁትም» አልኩት።

«አንተማ መቼ ታውቃለህ» አለኝ፤ ሳቅን። ሳቅ አይደለም እንጂ።

ዳኛው ፊት ቀርቤ እምላለሁ አለ።

የካቲት 8

መዝገቡ ተከፈተ! አደም በቁርኣን፣ እኔ በወንጌል ማልን። ዳኛው ወጣት ነው፣ ዓይኑ ቀይ ነው፣ ያልተኛ ይመስላል። «ፍርድ ቤት ሽማግሌን አይጠብቅም፣ ኦቦ ኢተፋ። ያስቀረዎት ግን ማታለል መሆኑ ስለታየ ከፍቼዋለሁ» አለ። የካቲት 25 ምስክር ይሰማል።

የሺጥላ ወጥቶ በረንዳው ላይ «እንዴት ዋሉ አባባ» አለኝ። እንዴት ያለ ፊት ነው? በማግስቱ ታጥቦ የሚወጣ።

ደራርቱ፣ «ምስክር ካላመጡ መከፈቱ ለምንም አይበጅም። ስም ይስጡኝ» አለች። የለኝም አልኳት።

«አለዎት» አለችኝ። «ዓይንዎ ላይ አለ።»

የካቲት 13

መንገድ ዝግ። ሱቅ ዝግ። በዲማ በኩል ተኩስ። ደጊቱ እህቷን ልታይ ሱሉልታ ሄዳለች፣ ስልክ አይገባም።

የካቲት 14

ደጊቱ ደህና ናት። ተመስገን።

ትናንት ማታ ልጆች በሩን አንኳኩ። ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነዋል፤ አንዱን ግን በድምፁ አወቅሁት። «አባ፣ እዚህ ግቢ የፋብሪካው አዲስ ዘበኛ አለ ይባላል። የናንተን እንጀራ ነጥቆ የገባ። እሱን ብቻ አውጡልን፣ ከናንተ ጉዳይ የለንም» አሉ።

አጵሎስ ክፍሉ ውስጥ ነበር። መብራት አጥፍተዋል። ሚርያም ስትጸልይ ድምፅዋ ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል።

እነዚህ ልጆች ያሉትን እኔ ራሴ ለደጊቱ ስንት ጊዜ ብያለሁ። እንጀራዬን ነጠቀ ብያለሁ። ከሰው አፍ ሲወጣ ግን ገማኝ።

«እዚህ ያለው የኔ ቤተሰብ ነው» አልኳቸው። «እኔን የበደለኝ ቢሮ የተቀመጠ ነው፤ እሱን በፍርድ ቤት ይዤዋለሁ። በሬን የሚያልፍ ካለ እኔን ረግጦ ይለፍ።» አጉረምርመው ሄዱ።

ሚርያም ይህንን ስትጽፍ እያለቀሰች ነው። ወረቀቱን አታርጥቢው አልኳት። ደግሞ ቤተሰብ ያልኩት እንዲሄዱልኝ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

የካቲት 19

ለአጵሎስ መጥሪያ መጣ። በምስክርነት።

ስሙን ማን ሰጠ? እኔ አልሰጠሁም። ደራርቱን ደውዬ ብጠይቃት «ምስክሩ በገዛ እግሩ ነው የመጣው» አለችኝ። ደጊቱን ጠየቅኳት፤ «እኔ ሱሉልታ ነበርኩ» አለች። ሚርያምን ጠየቅኳት። «አባባ፣ እኔ እርስዎ ያሉኝን ነው የምጽፈው» አለችኝ።

ምን ማለት ነው ይሄ? ያልኩትን ጻፊ እንጂ የጻፍሽውን ለባልሽ አንብቢለት አላልኳት። ይህንንም አላልኩም።

አጵሎስን ግቢው ውስጥ አገኘሁት። «ተው፣ አትሂድ» ልለው ነበር። ኩራቴ ይሁን ሌላ፣ አፌ አልተከፈተም። አልፌው ሄድኩ። አሁን ተቀምጬ ሳስበው፣ ተው ማለት ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም? በሬን እፈልገዋለሁ። በጣም ነው የምፈልገው።

የካቲት 25

ችሎቱ በኦሮምኛ ስለሆነ ለአጵሎስ አስተርጓሚ ቆመለት። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ያ ሚርያም እርጥቡን የያዘችው ሸሚዝ ነው መሰለኝ። 

ደራርቱ ጠየቀችው። የሺጥላ በሩ ላይ የተናገረውን አንድ ቃል ሳያጎድል ተናገረ። ቦታው ታጥፏል ወይ አለችው። «ቦታውማ እኔ ነኝ የቆምኩበት» አለ። «ጭነት ላይ ነበርኩ። ጠርተው ኮፍያ ሰጡኝ። ለምን እኔ ብዬ ጠየቅሁ። አንተ የሩቅ ሰው ስለሆንክ አሉኝ።»

የፋብሪካው ጠበቃ ተነሣ። «የከሳሽ ተከራይ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እንድትመሰክርለት ኪራይ ቀንሶልህ አይደለም?»

«ጌታዬ፣ ሰላምታ እንኳ አይሰጡኝም» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው ራሱ ፊቱን በወረቀት ሸፈነ። እኔ አልሳቅሁም። ወለሉን አየሁ።

የካሜራው ምስልም ታየ። ጠበቃው «እጁን አንሥቶ ምልክት ሲሰጥ» አለ። ዳኛው አስቁሞ ተጠግቶ አየና «ሳር ነው» አለ። ይህንኑ ብቻ። ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ።

ፍርዱ መጋቢት 12።

የካቲት 27

አጵሎስ ተባረረ። ያለፈቃድ ከሥራ ቀርተሃል ብለው። የቀረው በፍርድ ቤት መጥሪያ ነው! መጥሪያውን አሳይቷቸዋል፤ ሀሰኖም አይቶታል፤ ሀሰኖ መቼም አላየሁም ይላል።

በሩ ላይ ዛሬ ሌላ ሰው ቆሟል። ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

አጵሎስ በቀን ወደ ቤት ሲገባ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ተነሥቼ ቆምኩ። «እንደምን ዋልክ» አልኩት። «ደህና፣ አባባ» አለኝ።  ደጊቱ ከውስጥ «ግባ በለው እንጂ!» ብላ ጮኸች።

ገባ። ምሳ በላን። አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ እመልስለት ነበር፤ አዘጋጅቼ ነበር።

መጋቢት 12

ተፈረደ።

ደራርቱ አሸነፍን ትላለች። እኔ ምኑን እንዳሸነፍኩ ይገባኝ ዘንድ ደግማ ደጋግማ ነገረችኝ። ስንብቱ ከሕግ ውጭ ነው፤ ቦታው አልታጠፈም። ይህ ጥሩ። ግን በተወለደበት ምክንያት ነው የተባረረው የሚለው በአንድ ምስክር ቃል ብቻ በበቂ አልተረጋገጠም። ይህ ምንድን ነው? ወደ ሥራ ቢመለስ ደግሞ በመካከላቸው ሰላም ስለማይኖር ካሳ ተከፍሎት ይሰናበት።

«እኔ ካሳ ጠየቅሁ?» አልኳት።

«አልጠየቁም፣ ሕጉ ግን ይፈቅዳል።»

«ሰላም የነሣኝ እሱ፣ ሰላም የለም ተብሎ የምባረረው እኔ?»

የፍርዱን ወረቀት አጣጠፈች። ከዚያ፣ «ይግባኝ አለ» አለች። «ረጅም ነው። ግን አለ።»

የሺጥላ በረንዳው ላይ ከጠበቃው ጋር ይሳሳቃል። ከፍሎ ይገላገለኛል። እንደ ጎማ ይለውጠኛል። መሬቴንም በካሳ ነበር የወሰዱት። ለነዚህ ሰዎች የማይከፈልበት ነገር የለም መሰለኝ፤ የሚከፈልበት ነገር ደግሞ በደል አይባልም።

ሳሩን ባልነጭ ኖሮ? አይ። እነጨዋለሁ። ነገም ቢመጡ እነጨዋለሁ። የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ሌላ የማውቀው መንገድ የለም።

ደጊቱ ተኛ ትለኛለች። ሚርያም ደክሟታል። አጵሎስ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፍለጋ ዞሮ አሁን ነው የገባው። እስከ ሆለታ አበባ እርሻ ድረስ ሄዷል። የቀድሞ ፋብሪካህን ደብዳቤ አምጣ ይሉታል። ደብዳቤው «ከሥራ የቀረ» ይላል። ያንን ይዞ የት ይገባል?

መጋቢት 14

አጵሎስን ቀስቅሼ አብረን ሄድን። ወዴት ነው ቢለኝ ዝም ብለህ ተከተል አልኩት። ሚርያም ከደጅ ቆማ አየችን።

ደራርቱ ስታየን ወረቀት አወጣች። «ይግባኙን ወሰኑ? ጥሩ። ዛሬ እንጀምረው።»

«የኔ ይግባኝ ይቆይሽ» አልኳት፤ «ቀኑ አላለፈም ብለሽኛል። መጀመሪያ ይኼኛውን ጻፊ።»

«የቱን?»

ትከሻውን ይዤ ወደፊት አመጣሁት። «መጥሪያ አክብሮ ዳኛ ፊት ስለቆመ ያባረሩትን። ከሳሹ እሱ ነው።»

አጵሎስ፣ «አባባ፣ እኔ ክስ አላውቅም፣ ይቅርብኝ» ማለት ጀመረ። «ዝም በል» አልኩት። «እኔም አላውቅም ነበር።»

ደራርቱ እሱንም እኔንም አየች። ከዚያ መጻፍ ጀመረች። ስሙን ጠየቀችው። የአባቱን ስም። የሥራ መደብ ስትለው፣ «የበር ጥበቃ» ብሎ ሊያቆም ሲል፣ «ታጥፏል የተባለው» ብለህ ጨምር አልኩት። ደራርቱ ሳትሥቅ ጻፈችው።

«ምስክር አለህ? ከሥራ የቀረኸው በመጥሪያ ምክንያት መሆኑን፣ ችሎት ውስጥ መዋልህን ያየ?»

አጵሎስ ወደኔ ዞረ።

«አለው» አልኩ። «ኢተፋ በይ።»

«ዳኛው ፊት ቆመው ይናገራሉ?»

«ቆሜ።»

«አድራሻ» አለች፣ «የከሳሽ?»

«ሰበታ፣ ኦቦ ኢተፋ ግቢ» አለ አጵሎስ።

«የምስክር?»

«እዚያው ግቢ» አልኳት።